የሳሎፔቴ ኪስ ጠመመ፤ ልተርትረው ወይስ ልልበሰው?

ጤና ይስጥልኝ። ስፌት ለምትወዱ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የመጀመሪያዬን ሳሎፔት ቀሚስ ሰፍቼ ጨረስኩ። ጨርቁን የገዛሁት ከመርካቶ ነው፤ 2 ሜትር ሰማያዊ ጂንስ፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ50። ቅዱን ያወጣሁት ከአሮጌ የሰልባጅ ሳሎፔት ላይ ነው። መሬት ላይ ጋዜጣ ዘረጋሁ። ልብሱን አስተኛሁት። ዙሪያውን በእስክሪብቶ ተከተልኩና ለስፌቱ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ጨምሬ ቆረጥኩ። ማሽኑ የእናቴ ነው፤ ጥቁሩ፣ በእግር የሚረገጠው ሲንጀር። ሥራው 3 ቅዳሜ ፈጀብኝ።

ልብሱ ልኬ ነው። ወገቡ አያጣብቅም። ርዝመቱ ከጉልበቴ ትንሽ ዝቅ ይላል። ስቀመጥም አይሰበሰብም። ግን ሦስት ነገር አበላሽቻለሁ። ደረቱ ላይ ያለው ኪስ ጠሟል፤ የቀኝ ጫፉ ከግራው በ4 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። በብርቱካናማ ክር ድርብ አድርጌ ስለሰፋሁት ደግሞ ጎልቶ ይታያል። የግራ ማንገቻው ከቀኙ በ1 ሳንቲ ሜትር ያጥራል። ማንገቻዎቹ ከጀርባ የሚገጠሙበት ቦታ ላይ ደግሞ ጨርቁ ስድስት ድርብ ስለሆነ ማሽኑ ሦስት አራት ቦታ ዘሏል።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ለሰፈር ሰው ትሰፋ ነበር። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከጠመመ ምላጭ አንስታ ትተረትራለች። መብራት ከጠፋ በሻማ ትተረትራለች። እኔ ክሩን እየለቀምኩ ነው ያደግኩት። አሁን ምላጩን አንስቼ ኪሱ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ፤ እጄ ግን እንቢ አለኝ። ልተርትረው ወይስ ለብሼው ልኑር? እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

ይህን ከጻፍኩ 5 ቀን ሆኖኛል። እስካሁን 37 መልስ መጥቷል። ዘግይታችሁ የገባችሁ ሁሉንም ማንበብ እንደከበዳችሁ በውስጥ መስመር ነግራችሁኛል። ስለዚህ የተባለውን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። የራሴንም አስተያየት በየመሃሉ እጨምራለሁ።

1ኛዋ መላሽ ከአዳማ ናት። እንኳን ደስ አለሽ ብላ ጀመረች። መንገድ ላይ ማስመሪያ ይዞ የሰው ኪስ የሚለካ ሰው አይታ እንደማታውቅ ጽፋለች። እሷም በመጀመሪያ ቀሚሷ ጊዜ እንዲሁ ስትጨነቅ ቆይታ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ራሷ ጠማማውን ቦታ ፈልጋ እንዳጣችው ነው የነገረችኝ። ደግ መልስ ነበር። በዚያ ምሽት በጣም ጠቅሞኛል።

2ኛዋ ጨርቁን ከመቁረጤ በፊት ዘፍዝፌው እንደሆነ ጠየቀች። አዎ፣ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳድሬዋለሁ፤ ይህን ከእናቴ ነው የተማርኩት። እሷ ግን አላወቀችም ነበር። ሰፍታ ለብሳ በመጀመሪያው እጥበት ቀሚሱ ከጉልበቷ በላይ ወጣ። የጥጥ ጂንስ እንደዚህ ነው፤ በተለይ ፋብሪካ ውስጥ አስቀድሞ እንዲኮማተር ካልተደረገ በደንብ ያጥራል። ከዚያ ምን አደረገች? ከአሮጌ የሐበሻ ቀሚስ ላይ ጥለት ቆርጣ ከታች ዙሪያውን ቀጠለችበት። አሁን የት ገዛሽው የማይላት ሰው የለም። ፎቶውን አይቼዋለሁ። ጥለቱ አረንጓዴና ቢጫ ነው፤ ከሰማያዊው ጂንስ ጋር በጣም ያምራል።

3ኛው መልስ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት። አልቸኮልኩም። 3 ቅዳሜ ነው የፈጀብኝ። ግን አልመለስኩለትም።

4ኛው መልስ ነው ነገሩን ያሞቀው። የጻፉት ደሴ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ የሰፉ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱቅ በረንዳ ላይ ማሽን አስቀምጠው እንደጀመሩ ነግረውናል። አነጋገራቸው ጠንከር ያለ ነበር። ደንበኛ የኮት ጨርቅ አምጥቶ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢሳሳቱ የጨርቁን ዋጋ ከኪሳቸው እንደሚከፍሉ አስረዱ። ቤት ውስጥ የሚሰፉ ሰዎች ግን ስህተታቸውን ፎቶ አንስተው ውበት ነው ይላሉ። ይህን የሚያይ ሰው በእጅ የተሰፋ ሁሉ ጠማማ ነው ብሎ ያስባል። ከዚያ ዝግጁ ልብስ ወደሚሸጥበት ይሮጣል። የእሳቸው ዳቦ የሚጎድለው እዚያ ላይ ነው። ለእኔ ያሉኝም አጭር ነበር፤ ምላጩ አጠገብሽ ካለ ተርትሪው።

እውነቱን ለመናገር ሳነበው ደነገጥኩ። ግን እኔ የትም ቦታ ውበት ነው አላልኩም። ጠማማ ነው፣ ምን ላድርገው ነው ያልኩት።

5ኛዋ በትህትና ነው የመለሰችላቸው። ጋሼ ብላ ጀምራ፣ ልጅቷ ለሽያጭ አልሰፋችም፣ የምትለብሰውም የምትከፍለውም ራሷ ናት ብላ አስረዳች። 6ኛዋ ግን ትህትናውን ጥላዋለች። ለሰርጓ ሳምንት ልብስ ሊሰፋላት የተቀበለ ሰው ቀን ካሳለፈባት በኋላ፣ ሁለቱ እጅጌዎች ሳይመሳሰሉ እንደሰጣት ተናገረች። ስለዚህ ሰፊ የሚባል ሁሉ ስለ ልክ የመናገር መብት የለውም አለች። ይህ ግፍ ነው። አንድ ሰው ባጠፋው የደሴው ሰው አይጠየቁም። 7ኛው መልስም ይህንኑ ብሎ ሊያበርድ ሞክሮ ነበር።

8ኛውን መልስ ሁላችሁም ሂዱና አንብቡት። የጻፈው ቦርሳና ሸራ የሚሰፋ ልጅ ነው። ስለ ጠማማው ኪስ አንድም ቃል አላለም። ስለዘለለው ስፌት ብቻ ነው የጻፈው። መርፌዬ ቁጥር ስንት እንደሆነ ጠየቀ። 80 ነበር። ለጂንስ 100 ወይም 110 ያስፈልጋል፤ ቀጭን መርፌ ወፍራም ጨርቅ ሲገጥመው ይታጠፋል፣ ያን ጊዜ ከታች ያለው ክር አይያዝለትም፣ ስፌቱም ይዘላል። ቀጥሎ የስፌቱን ርዝመት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ተኩል ከፍ ማድረግ። ቀጥሎ ድርቡን ቦታ ከመስፋት በፊት በመዶሻ መቀጥቀጥ፤ ጨርቅ ደርቦበት፣ ቀስ እያሉ። የመጨረሻዋ ደግሞ የማሽኑን እግር፣ ማለትም መርፌው አጠገብ ጨርቁን የሚጫነውን ብረት፣ ሚዛን መጠበቅ ናት። የማሽኑ እግር ጉብታው ላይ ሲወጣ ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከኋላው ከጉብታው እኩል የሆነ የታጠፈ ካርቶን ማስገባት ነው። እግሩ ሜዳ ላይ እንዳለ ሆኖ ያልፋል። ጉብታው ላይ ደግሞ ማሽኑን በእግር ሳይሆን ጎማውን በእጅ እያዞሩ፣ አንድ አንድ ስፌት።

በማግስቱ በቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ሞከርኩት። ስድስት ድርብ አድርጌ፣ ካርቶኑን አስገብቼ፣ ጎማውን በእጄ አዞርኩ። መርፌው ሲገባ ጥርስ ሲነቀል የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ያሰማል፤ ግን ገባ። አንድም አልዘለለም።

9ኛዋ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በጥራት ቁጥጥር የሠራች ናት። የጻፈችው ለብዙዎቻችን አዲስ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ለእያንዳንዱ ልኬት የሚፈቀድ ልዩነት አለ። ለምሳሌ ለደረት ዙሪያ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍም ዝቅም ቢል ያልፋል፤ ለትንንሽ ቦታዎች ግማሽ ሳንቲ ሜትር። ከዚህም በላይ ሁሉም ልብስ አይታይም። በተለመደው የፍተሻ ሠንጠረዥ መሠረት 1000 ልብስ ተሰፍቶ ከሆነ 80 ይወጣና ይፈተሻል። ከ80ው ውስጥ ዋና የሚባል ጉድለት ያለባቸው እስከ 5 ከሆኑ ጠቅላላው ያልፋል፤ 6 ከሆኑ ይመለሳል። እንግዲህ ከሱቅ የምንገዛው ልብስም ስህተት የሌለበት አይደለም ማለት ነው። የተፈቀደ ስህተት ያለበት ነው። እሷ የእኔን ኪስ ብታይ ኖሮ 4 ሚሊ ሜትሩን እንደምታሳልፈው፣ የዘለለውን ማንገቻ ግን በቀይ ምልክት እንደምትመልሰው ነግራኛለች።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ቁም ሳጥኔን ከፍቼ ሜትር ይዤ የገዛኋቸውን ልብሶች መለካት ጀመርኩ። የሥራ ሸሚዜ ሁለት ኪሶች በ3 ሚሊ ሜትር ይለያያሉ። ሁለት ዓመት ለብሼዋለሁ። አንድ ቀን አስተውዬው አላውቅም።

10ኛው መልስ በዚህ ተናዶ ነው የመጣው። እንዲህ ከሆነ ለምን ያን ያህል ብር እንከፍላለን ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ስለ ዋጋ፣ ስለ ዶላር፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ከአጎዋ (ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል) ስለመውጣቷና ሥራ ስላጡ ልጆች ወሬው ሄደ። 9ኛዋ ራሷ በዚያ ጊዜ ከሥራ ከተቀነሱት አንዷ መሆኗን አንድ መስመር ጽፋ አለፈች። ማንም ተጨማሪ አልጠየቃትም። መጠየቅ ነበረብን ብዬ አስባለሁ።

11ኛው የደሴው ሰው ናቸው፤ ተመልሰው መጡ። ፋብሪካው ከ1000 ልብስ ጥቂቱን ቢረሳ ችግር የለውም፣ እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ግን ያለው አንድ ኮት ነው አሉ። ለፋሲካ የሚለብሳት አንዲት ኮት። ለእሱ ከ1000 አንዱ የሚባል ነገር የለም። ይህን ሳነብ 4ኛው መልሳቸው ላይ የነበረኝ ቅሬታ ቀነሰ። የእናቴም ነገር ይህ ነበር። የምትተረትረው የሰው ጨርቅ ነው፤ ያ ሰው ሌላ ጨርቅ የለውም።

ከ12 እስከ 16 ድረስ ከርዕሱ ወጥተን ስለ ቃሉ ተከራከርን። አንዱ ሳሎፔት የጣሊያን ቃል ነው አለ፤ ካልሲና ቦርሳ ከጣሊያን እንደመጡ ሁሉ። ሌላዋ የፈረንሳይ ነው አለች። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ቃሉ በመነሻው የፈረንሳይ ነው፤ ጣሊያኖችም ከፈረንሳይ ወስደው ያንኑ ይላሉ። 14ኛው እንግሊዞች ሳሎፔትን ዳንገሪ የሚሉት ከህንድ እንደመጣ ጨመረ፤ ሙምባይ ውስጥ ዶንግሪ የሚባል ሰፈር አለ፣ የዚያ አካባቢ ሻካራ የጥጥ ጨርቅ ነው ስሙን የሰጠው። ዴኒም የሚለው የጂንስ ጨርቅ ስም ደግሞ ከፈረንሳይዋ ኒም ከተማ፣ ጂንስ ከጣሊያኗ ጄኖቫ ስም የመጡ ናቸው።

15ኛዋ ግን ወሬውን ወደ እኔ ኪስ መለሰችው። በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት፣ ሬኖ ከተማ ውስጥ ጄኮብ ዴቪስ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ደንበኞቹ ጉልበት ሠራተኞች ናቸው። ሱሪያቸው ሁልጊዜ የሚቀደደው ከኪሱ ጫፍ ነው። ዴቪስ የኪሱን ማዕዘን በመዳብ ምስማር መምታት ጀመረ። ከዚያ ጨርቅ ከሚያቀርብለት ከሊቫይ ስትራውስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1873 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። የጂንስ ታሪክ የሚጀምረው እዚያ ነው። 15ኛዋ ልትል የፈለገችው ግልጽ ነው፤ የዴቪስ ደንበኞች ያስቸገራቸው የኪሱ መጥመም አልነበረም፣ መቀደዱ ነው። ስለዚህ ኪሴን ከመተርተር ይልቅ የላይኛውን ሁለት ማዕዘን በትንሽ ሦስት ማዕዘን ስፌት እንዳጠነክረው መከረችኝ። ይህን በዚያው ቀን ሠርቼዋለሁ።

16ኛው አሁንም የጣሊያን ነው ብሎ ቀረ።

17ኛዋ ኩዌት ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህታችን ናት። የእሷን መልስ በሁለት መስመር ማሳጠር አልፈልግም። ማሽን የላትም። ሥራ ጨርሳ ሌሊት ክፍሏ ውስጥ በእጅ ነው የምትሰፋው። መርፌውን ወደፊት አውጥታ፣ ግማሹን ወደኋላ ተመልሳ፣ እንደገና ወደፊት። በዚህ መንገድ የተሰፋ ከማሽን አያንስም ብላለች፤ እውነቷን ነው። ለታናሽ እህቷ ሳሎፔት ቀሚስ ሰፍታ ለመጨረስ 3 ወር ፈጀባት። መሃል ላይ ሰማያዊው ክር አለቀ። ለመግዛት የምትወጣበት ቀን ገና ነበር። አንድ ስንዝር ያህል ቦታ በጥቁር ክር ሰፋችው። ክሩ ከተገዛ በኋላ ልትተረትረው አስባ ነበር፤ ግን ያንን ስንዝር የሰፋችው እናቷ መታመሟን በሰማችበት ሌሊት ነው። እንዳለ ተወችው። ልብሱን አገር ቤት በሚገባ ሰው ላከች። እህቷ ቀሚሱን ስትለብስ ጥቁሩን ቦታ በጣቷ እየነካች ፎቶ ተነስታ ልካላታለች። እናታቸው ድናለች፤ ይህንንም ጽፋልናለች፣ ተመስገን።

18 እና 19 ከዚህ በኋላ የመጡ ምርቃቶች ናቸው።

20ኛው መልስ ላይ አንድ ሰው ገብቶ ሳሎፔት የልጅ ልብስ ነው፣ ትዳር የያዘች ሴት ይህን ለብሳ መታየት የለባትም አለ። 21ኛዋ በኃይል ነው የመለሰችለት፤ እዚህ የመጣነው ስለ ስፌት ልናወራ ነው፣ ምክርህን ለቤትህ አቆየው የሚል ነበር መንፈሱ። 22ኛው እሷን ተሳደበ። 23ኛዋ ሁለቱንም ተቆጣች። እኔ አልገባሁበትም። ቀሚሴ ከጉልበቴ በታች ነው፤ ባይሆንም የእኔ ነው።

24ኛዋ የሁለት ልጆች እናት ናት። ይህች ሴት ምናልባት ሳታውቀው ከሁሉም በላይ ጠቀመችኝ። የሰው ትከሻ ሁለቱም እኩል እንዳይመስልሽ አለችኝ። ለትልቋ ልጇ ማንገቻዎቹን አንድ ዓይነት አድርጋ ሰፍታላት ደረቱ ወደ አንድ ጎን እየሄደ ያስቸግራት ነበር። መስተዋት ፊት ስታቆማት የአንዱ ትከሻዋ ዝቅ ማለት ታያት። ለዚያኛው ማንገቻ አሳጠረችላት፣ ልብሱ ተስተካከለ። እስቲ መስተዋት ፊት ቁሚ አለችኝ።

ቆምኩ። ቲሸርት ለብሼ፣ እጄን ለቅቄ። የግራ ትከሻዬ ዝቅ ይላል። በግልጽ ይታያል። ቦርሳዬን ግን ሁልጊዜ የማነግተው በቀኝ ነው፤ ከዚያ ይሁን ከሌላ አላውቅም። ሳሎፔቱን ለበስኩት። ደረቱ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። አጠረ ያልኩት የግራ ማንገቻ ለግራ ትከሻዬ ልኩ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስህተት ነው ብዬ የተጨነቅኩበት 1 ሳንቲ ሜትር ለሰውነቴ የሚያስፈልገው ነበር። መሬት ላይ አስተኝቼ ስለካው ነው ስህተት የመሰለኝ።

25ኛው መልስ እንደገና የደሴው ሰው ናቸው። በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ለስልሷል። 24ኛዋን አመሰገኗት። ኮት ሲሰፉ ሁለቱን ትከሻ ለየብቻ እንደሚለኩ፣ ለደንበኛው ግን እንደማይነግሩት ነው የጻፉት። ሰው ትከሻህ ዝቅ ይላል ሲባል ቅር ይለዋል፤ ከውስጥ ትንሽ ጥጥ ጨምረው ያስተካክሉለታል። ይህን ምስጢር ለብዙ ዓመት ይዘው ቆይተው እዚህ ስለነገሩን ደስ ብሎኛል።

26 እና 27 የባሰ አለ አገርህን አትልቀቅ የሚያስብሉ ናቸው። 26ኛዋ ከከፋይ ጨርቅ ሳሎፔት ሰፍታ የኋላውን አንዱን ቁራጭ ገልብጣ ቆረጠችው። ከፋይ ጠጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚተኛው። ቤት ውስጥ አይታይም። ፀሐይ ላይ ስትወጣ ግን ግማሽ ጀርባዋ ደማቅ፣ ግማሹ ደብዛዛ ቀይ ሆነ። ይህ ተርትረው የማያስተካክሉት ነው፤ ጨርቅ ከሌለ አለቀ። 27ኛው ደግሞ ለእጮኛው ሲሰፋ የጂንስ ቁልፉን ያለቦታው መታው። ይህ ቁልፍ በክር አይሰፋም። በወስፌ ቀዳዳ ተከፍቶ ከሥሩ እንጨት ተደርጎ በመዶሻ ይመታል። ሲነቀል ቀዳዳው ይቀራል። እሱ ቀዳዳውን በጥልፍ አበባ ሸፈነው። ቀጥሎም ሁለቱ ወገን እንዳይለያይ ብሎ በሌላኛው ወገን ሁለተኛ አበባ ጠለፈ። እጮኛው አሁን ሚስቱ ናት፤ አበቦቹ ስህተት መሸፈኛ መሆናቸውን እስካሁን እንዳልነገራት ጽፏል። ወንድሜ፣ ንገራት።

28ኛዋ ጂንሱ ቀለሙን እንዳይለቅ በጨውና በኮምጣጤ ንከሪው አለችኝ። 29ኛው አረማት። የጂንስ ሰማያዊ ቀለም የክሩን ላይ ላዩን ነው የሚይዘው፤ ውስጡ ነጭ ነው። ለዚህ ነው እየተፈተገ የሚነጣው። ጨው አያስረውም። ገልብጦ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጊዜያት ለብቻው ማጠብ። ንግግሩ ትንሽ ሸካራ ነበር፤ የእናቶቻችንን ነገር ሁሉ አትናቅ ብላ 28ኛዋ ተቀየመችው። እኔ 29ኛው ልክ ነው እላለሁ። የተናገረበት መንገድ ግን ልክ አይደለም።

30ኛው ጥያቄ ከደሴው ሰው መጣ። የማንገቻውን የጀርባ መጋጠሚያ ከውስጥ በኩል ፎቶ አንስቼ እንድልክላቸው ጠየቁ። ላክሁ። 31ኛው መልሳቸው ከሁሉ ረጅሙ ነው። ኪሱን ተይው አሉኝ። የተተረተረ ጂንስ የመርፌ ቀዳዳው ተደርድሮ ይቀራል፤ በውሃ አርጥበሽ በጥፍርሽ ብታሺው፣ በካውያ ብትተኩሺው የተወሰነው ይዘጋል፣ ሁሉም ግን አይዘጋም። የአንድ ጠማማ መስመር ፋንታ ሁለት መስመር ይኖርሻል። የማንገቻው ግን ሌላ ነው። የልብሱ ክብደት ሁሉ የሚንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። ስልክ ኪስሽ ውስጥ ከተሽ ስትጎነበሺ የሚሳበው እሱ ነው። እዚያ ላይ አራት ማዕዘን ሰፍተሽ መሃሉን ከጥግ እስከ ጥግ በመስቀለኛ ትሰፊዋለሽ። ለደንበኛም ቢሆን፣ ለራስሽም ቢሆን፣ ይህ አይታለፍም።

ቀጥለው የጻፉትን ደግሞ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እሳቸው ራሳቸው ቤት ውስጥ ይለብሱት የነበረው ሱሪ በገዛ እጃቸው ባወጡት የመጀመሪያ የሱሪ ቅድ የተሰፋ እንደነበረ፣ አንዱ እግሩ ከሌላው ሰፋ ብሎ እስኪያልቅ ድረስ እንደለበሱት። ተርትረው አያውቁም። ለማንም ግን አልሰፉበትም።

32 እና 33 ከዚህ በኋላ ለእሳቸው የቀረቡ ይቅርታዎች ናቸው። 6ኛዋም ይቅርታ ጠይቃለች፤ 33ኛው መልስ የእሷ ነው። 34ኛዋ የሰው ወርቅ አያደምቅ ብላ የራሷን ሳሎፔት ፎቶ አያይዛለች። ቡናማ ካኪ ነው፤ ዘለበቱን ከአሮጌ ሰልባጅ ላይ ነቅላ ነው የገጠመችው። 35ኛው የማሽን ሻጭ ማስታወቂያ ስለሆነ አልፌዋለሁ። 36ኛዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትሰፋ ነው፤ ምን ልግዛ ብላ ጠየቀች። እኔ የምላት ይህን ነው፤ ከጂንሱ በፊት 2 ሜትር አቡጀዲ ግዢ። ቅዱን በእሱ ላይ ሰፍተሽ ለብሰሽ እዪው። ርካሽ ነው፣ በእስክሪብቶ ይጻፍበታል፣ ቢበላሽም አንጀት አያቆርጥም። እኔ ይህን አላደረግኩም፤ ለሁለተኛው ግን አደርጋለሁ።

ትላንት ማታ ምላጩን አነሳሁ። የሁለቱን ማንገቻ መጋጠሚያ ተረተርኩ። ክሩን አንድ በአንድ ለቀምኩ፤ እጄ አልረሳውም። ቁጥር 100 መርፌ ገጠምኩ፣ ካርቶኑን አስገባሁ፣ አራት ማዕዘኑንና መስቀለኛውን ጎማውን በእጄ እያዞርኩ ሰፋሁ። አንዱን ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ማንገቻውን ይዤ በሙሉ ኃይሌ ጎተትኩት። አልተነቃነቀም። ኪሱ እንደጠመመ ነው፤ ዛሬ ለብሼው ወደ ሥራ ሄጃለሁ፣ ስልኬም እሱ ውስጥ ነበር።

37ኛዋ ማታ ዘግይታ ጂንስ ላይ በምን ምልክት አደርጋለሁ ብላ የጠየቀችው እስካሁን መልስ ስላላገኘ እኔ ልመልስላት። እህቴ፣ እጥበት ላይ ሊያልቅ የደረሰ ነጭ የገላ ሳሙና ፈልጊ። ሁለት ቀን አድርቂው። ጫፉን በቢላ ሳሺው፣ ስለት እስኪመስል። ጥቁር ሰማያዊ ላይ ከጠመኔ ይበልጥ ቀጭን መስመር ያወጣል፤ ካውያ ሲነካው ይጠፋል። ኪስ ስትሰፊ ግን ከመተኮስሽ በፊት ሁለቱንም ጫፍ ከደረቱ የላይ ጠርዝ በሜትር ለኪ። እኔ አንዱን ጫፍ ብቻ ነው የለካሁት።